«ማብቃት» ሲያበቃ

ባለፈው ዓመት ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ አንድ ድንች ተሸካሚ አየሁ። ጆንያውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሰዉን እየሰነጠቀ ሲያልፍ ደረቱ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። «ልጃገረዶችን እናብቃ!» ይላል። ቲሸርቱ አንድ ዘመን ነጭ እንደነበረ መገመት ይቻላል። ከጽሑፉ ሥር የነበረው የድርጅት ዓርማ በእጥበት ብዛት ጠፍቶ ክብ ነገር ብቻ ቀርቷል። በሰውየው አልፈርድም፤ ልብስ ነው፣ ለበሰው። እኔን ቆሜ እንድቀር ያደረገኝ ሌላ ነው። ያን ቲሸርት አውቀዋለሁ። በታደለ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ያሳተመው ፕሮጀክት ካለቀ ዓመታት ሆነው፤ ቲሸርቱ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው።

አማርኛችን ነገር ያውቃል። «ማብቃት» አንድም ብቁ ማድረግ ነው። አንድም መጨረስ ነው፤ ስብሰባው አበቃ፣ በጀቱ አበቃ እንላለን። አንድም «ላት» ሲጨመርበት የልጅቱ ነገር ተቆረጠ ማለት ነው፤ አበቃላት። የኛ አገር ሰው ደግሞ አራተኛ ፍቺ አለው፤ «የበቁ አባት» ሲል በጾም በጸሎት፣ ከመምህር እግር ሥር ዘመናቸውን ፈጅተው ከማዕረግ የደረሱትን ማለቱ ነው። እንግዲህ ከአራቱ የትኛውን ለሴት ልጆቻችን አደረግንላቸው? የኔ ክርክር ይኸውና። የመጀመሪያውን እንፈጽማለን ብለን በጀት እየያዝን ሁለተኛውን ስንፈጽም ኖረናል። ሦስተኛው በልጅቱ ላይ ይደርሳል። አራተኛውን፣ ሰው የሚበቃው ከሰው ጋር ዓመታት ተቀምጦ መሆኑን፣ ደቡብ ጎንደር ከማንም አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ለወንድ ልጅ። ለሴቲቱ ሲሆን ግን አበል ከፍለን የሦስት ቀን ስብሰባ ጠራንላት።

ስለ ስብሰባው ከተነሣ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። በነፃ የሚጽፍ ሰው እንጀራ ከመጽሔት ክፍያ ብቻ አይጋገርምና የዚያን ዎርክሾፕ ሪፖርት እንድጽፍ ተቀጥሬ ነበር። ጻፍኩት። «ተሳታፊዎቹ ከፍተኛ ግንዛቤ አግኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ተሳታፊዎቹ እነማን ነበሩ? የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ የሚመለከታቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ርእሳነ መምህራን፣ የቀበሌ አመራሮች፣ ሁለት ካህናት። ልጃገረዶች ሦስት ነበሩ፤ አበባ ለማበርከት። ስለ «ሜንተሪንግ» ተወራ። ቃሉን የማያውቁት አንድ አዛውንት ቄስ አጠገባቸው ያለውን ወጣት «ምንድን ነው የሚሉት?» ብለው ሲጠይቁ «ማማከር ነው አባ» አላቸው። «ታዲያ ይኸ ለማን ይጠፋዋል?» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። የቄሱን ጥያቄ ሪፖርቱ ውስጥ አላስገባሁትም። ዛሬ ግን ከሦስቱ ቀን ንግግር ሁሉ እሱ ብቻ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ሥር ልግባ።

የተወለድኩት ደብረ ታቦር ነው። እናቴ ጓሮ ውስጥ ሁለት የጭቃ ክፍሎች ነበሯት፤ ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ታከራያቸዋለች። ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫን ወይም እብናትን የሚያውቅ ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል። የገጠር ልጅ ስምንተኛን አልፎ ዘጠነኛ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነውና ቤት ይከራያል። ስንቅ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከገጠር ይመጣል። ሲዘገይ ድርቆሽ ይበላል፤ ድርቆሹም ሲያልቅ ተማሪው «አሞኛል» ብሎ ይተኛል።

በ1996 ዓ.ም. ከነዚያ ክፍሎች አንዱን የተከራየችው ከጉና ግርጌ የመጣች፣ እንደኔው ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ ነበረች። አባቷ አንድ ማዳበሪያ ድንች፣ አንድ አገልግል የገብስ እንጀራና አንድ የእንጨት ሳጥን በአህያ ጭነው አመጧት። ሲሰናበቱ ለእናቴ «እትዬ፣ አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» አሏት። እናቴም «እንደ ልጄ ናት» አለች። እውነቷን ነበር፤ ወጥ በተሠራ ቁጥር ጨልፋ ትልክላት ነበር። እኔ ሂሳብ አልገባኝም ነበርና ማታ ማታ ደብተሬን ይዤ ጓሮ እሄዳለሁ። በኩራዝ ብርሃን አስተማረችኝ። የምታስተምረኝ ደግሞ እንዲህ ነበር፤ ራሷ ሠርታ አታሳየኝም፤ እርሳሱን እጄ ውስጥ ትተወውና «ቀጥሎስ?» ትላለች። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ፈተና በሷ ጉልበት አለፍኩ።

ለጥምቀት ስንቅ ልታመጣ ወደ አገሯ ሄደች። አልተመለሰችም። ስም ጠሪው መምህር ስሟን ለጥቂት ቀናት ጠራ፤ ከዚያ ሰረዘው። በየካቲት አባቷ ሳጥኗን ሊወስዱ መጡ። «እትዬ፣ ልጅቱ ለወግ ለማዕረግ በቃች፤ ዳርናት» አሉ። በቃች! እናቴ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብላ ቡና አፈላች። ሌላ ምን ትበል? አደራውን የሰጠው ሰው ራሱ መጥቶ ወሰደው። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሳጥኑ አህያው ላይ ሲጫን አየሁ። ከቤታችን እስከነሱ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከኛ ቤት ያን መንገድ የሄደ ሰው የለም። ከትምህርት ቤትም፣ ከቀበሌም የሄደ የለም።

በዚያን ጊዜ ሕግ አልነበረም እንዳይባል ሕግ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ብሎ የነበረውን የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አድርሶታል። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ይህንኑ ዕድሜ ደንግጓል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እስራት እንደሚቀጣ ጽፏል። ሕጉ መልካም ነው። ግን ከወረቀት ተነሥቶ የግማሽ ቀን መንገድ የሚሄድ እግር የለውም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወይም ከዚያ በፊት ማግባታቸውን አሳይቷል። በአዲስ አበባ ያው ግማሽ የሚሞላው ወደ 24 ዓመት ሲጠጋ ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ሕግ፣ የስምንት ዓመት ልዩነት!

የኛ አገር የሰርግ ወራት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው፤ የቀረው ከፋሲካ በኋላ ይደገሳል። ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን የሚከበረው የካቲት 29 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቀን የሚውለው ጾሙ ከተያዘ በኋላ ስለሆነ የጥርና የየካቲት ድንኳን ፈርሷል፤ የተዳረችው ተድራለች። ያን ዕለት መድረክ ላይ ወጥተን እቴጌ ጣይቱን እንጠራለን። ጣይቱ በዘመኗ ማንበብና መጻፍ ከቻሉ ጥቂት ሴቶች አንዷ መሆኗን ደጋግመን እንናገራለን። ያስተማራት ሰው እንደነበረ የሚያነሣ ግን የለም። ንግግሩ የሚያስፈልገው ታኅሣሥ ላይ ነበር፤ ያውም ባዳራሽ ሳይሆን በልጅቱ ቤት ምድጃ ዳር።

እኔስ ለምን አልተዳርኩም? ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም፤ ጎበዟ ማን እንደነበረች ተናግሬአለሁ። አባቴም ከአባቷ የተሻለ አስተሳሰብ ነበረው አልልም፤ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ጠያቂ መጥቶ ሊሰጠኝ ዳድቶት ነበር። አክስቴ መምህርት ነበረች። ወሬውን እንደሰማች ካስተማረችበት ክፍል በቀጥታ፣ ጠመኔው ከእጇ ሳይለቅ መጥታ ከአባቴ ፊት ተቀመጠች። አልጮኸችም። «ይቺ ልጅ የኔም ናት፤ ሳትጠይቀኝ አትሰጥም» አለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ደብተሬን ታያለች፤ ጫማዬን ታያለች፤ አባቴን በዐይኗ ታየዋለች። ዲፕሎማ ስይዝ የምረቃ ቀሚሴን የገዛችው እሷ ናት። በአማርኛ «ሰው አላት» ይባላል። እኔ ሰው ነበረኝ። ያቺ ሰው አልነበራትም። በሁለታችን መካከል የነበረው ልዩነት ይኸው ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። አንደኛው ወገን «ይኸ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ ሴት ልጅን ከቤተሰቧ ነጥሎ በሌላ ሰው ማስያዝ ባህላችን አይደለም» ይላል። እንዲህ የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ተቀምጦ ሴት ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ነገሩን ግን እንመርምር። ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ምንጭ ነው። ሁለቱም በደቡብ ጎንደር ናቸው። ወደነዚህ ቦታዎች የሚመጣው ልጅ ገና በለጋነቱ ከእናት ከአባቱ ተነጥሎ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ እየለመነ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሰንፍ የሚገሥጸው፣ ሲበቃ «ሂድ አስተምር» የሚለው አንድ የታወቀ ሰው አለው። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ይፈጃል። «የፕሮጀክቱ ዘመን ተጠናቀቀ» ብሎ ጉባኤውን የሚዘጋ የኔታ ታይቶ አይታወቅም። እንግዲህ ልጅን ከቤተሰቡ ለይቶ ለታላቅ ሰው መስጠት ባህላችን አይደለም ያለው ማነው? የዚያን የወንድ ልጅ አኮፋዳ ሲሞሉ የኖሩትስ እነማን ናቸው? እናቶቻችን ናቸው። ሰው የሚበቃበትን መንገድ በእንጀራቸው የቀለቡ ሴቶች የገዛ ሴት ልጃቸውን በዚያ መንገድ መላክ አልቻሉም።

ሴት በዚያ መንገድ አትችልም የሚል ካለ ደግሞ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃምን ይጠይቅ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ነበሩ። ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ለወንድ ደቀ መዛሙርት ቅኔ ሲያስተምሩ ኖሩ። ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው፤ የቅኔ መምህር ነበሩና ልጃቸውን ከጉባኤው አላስወጧትም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ አንድ አዋቂ ሰው «ትቀመጥ» አለ። ጎንደሬ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲል ያደገበትን ተረት እኚህ ሴት ፉርሽ አድርገውታል። ምነው ሌላ ገላነሽ አልተደገመም? ሌላ «ትቀመጥ» የሚል አባት ስላልተደገመ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና እናት ትሰጣታለች። ያቺ ሴት ልጅቱን ታቅፋ ቃል ትገባለች፤ በሃይማኖት አሳድጋለሁ፣ ወላጅ ባይኖር ወላጅ እሆናለሁ የሚል ቃል ነው። በደቡብ አሜሪካና በሜክሲኮ ካቶሊኮች ዘንድም ይኸው አለ፤ «ማድሪና» ይሏታል። አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩት የላቲን ተወላጆች ልጆቻቸው ከትምህርት እየወጡ፣ በልጅነት እየወለዱ ሲያስቸግሯቸው፣ የተማሩት ሴቶች ማኅበር አቋቁመው እያንዳንዷ አንዲት ታናሽ እህት እንድትይዝ አደረጉ። ነገሩ የማድሪናን ልማድ ይመስላል። እኛ ዘንድ የክርስትና እናት የምትታወሰው ለዓመት በዓል ዳቦ ሲላክላት ነው። ልጅቱ በ14 ዓመቷ ስትታጭ ማንም አያማክራትም፤ እሷም «ቃል ገብቼባታለሁ» ብላ አትነሣም። ካህናቱ ይህን ቃል ከመቅደሱ ደጃፍ ቢያስታውሱ ከመቶ ዎርክሾፕ ይበልጥ ነበር። ቄሱ «ይኸ ለማን ይጠፋዋል?» ያሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ድርጅት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያ ብል እዋሻለሁ። እዚሁ ፋርጣና ላይ ጋይንት ላይ ኬር ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ «ተስፋ» የተባለ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ይህን ሥራ የማከብርበት ምክንያት አለኝ። ሌላው ሁሉ ያላገባችውን ልጅ ከጋብቻ እናድን ሲል፣ ይኸኛው ቀድሞ የተዳረችውን ፈለገ። ከ14 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው፣ ያገቡ ወይም አግብተው የፈቱ 5,000 ያህል ልጆችን በየመንደራቸው በቡድን በቡድን አሰባሰበ። እንግዲህ አስቡት፤ ያገባች ልጅ በኛ አገር የተዘጋ መዝገብ ናት። ተማሪ አይደለችም፤ መምህር አይጠይቃትም። ልጅም አይደለችም፤ ወላጅ አይጠይቃትም። እንደ ትልቅ ሴትም አትቆጠርም፤ አማቷ ትልካታለች። ጓደኛ የላትም። ውኃ ስትቀዳ ካልሆነ ከእኩያዋ ጋር አትገናኝም። ያቺ የጉና ልጅ በዚህ ውስጥ ነው የገባችው።

ቡድኖቹን የሚመሩት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። ገሚሶቹ ስለ ጤናና ስለ ወሊድ፣ ገሚሶቹ ስለ ቁጠባና ስለ ገቢ፣ ሌሎቹ ስለ ሁለቱም ይማማሩ ነበር። ጎን ለጎን ደግሞ ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ የጤና ሠራተኞችና ሌሎች የመንደሩ ትልልቅ ሰዎች የራሳቸውን ጉባኤ እየተቀመጡ እነዚህን ልጆች እንዲደግፉ ተደረገ። ከሥራው በኋላ የተደረገው ግምገማ ልጆቹ ከባሎቻቸው ጋር መነጋገር መጀመራቸውን፣ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚው መብዛቱን፣ ቁጠባቸው ማደጉን አሳይቷል። እኔን የገረመኝ ግን የመጣው ቆይቶ ነው። ድርጅቱ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ያዩ ሰዎች አብዛኞቹ ቡድኖች አሁንም እየተሰበሰቡ አገኟቸው። እንዲያውም ማንም ሳይጠራቸው፣ አንድ ሳንቲም ሳይሰጣቸው፣ የጎረቤቶቻቸውን አይተው የራሳቸውን ቡድን ያቋቋሙ ልጆች ነበሩ። ለምን? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። እቁብና ጽዋ ማኅበር ካለበት አገር ልጅ ለልጅ ሰው ስትሆን ነገሩ የነሱ ሆነ። በጀት የሚያበቃው በጀት ላለው ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይኸኛው ግን መራራ ነገር ይዟል። ያቺ ልጅ በተዳረችበት በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ ምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ውስጥ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» ተጀመረ። ከአካባቢው የተመረጡ ሴቶች ለልጆቹ ታላቅ እህት ሆነው ይዟቸዋል፤ ደብተርና እርሳስ ይቀርባል፤ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ወላጆች ደግሞ በግ ወይም ፍየል ይሰጣል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ ጋብቻ እጅግ ቀነሰ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው በረከተ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን ጥናቱ ተቃራኒውን አገኘ፤ ፕሮግራሙ ባለበት ቀበሌ ያገቡት በዙ። ወላጆቹ ልጁን ለጥቂት ዓመት አቆዩት እንጂ አልተዉትም ማለት ነው። ልጅቱ 15 ስትሆን፣ ነገሩ በሚከፋበት ሰዓት፣ የያዛት እጅ ላላ። አክስቴ በ15 ዓመቴ ብትለቀኝ ኖሮ እኔም ከዚያው ቁጥር ውስጥ ነበርኩ።

ሁለተኛው ወገን «ጉዳዩ ድህነት ነው፤ ሰው ኖራት አልኖራት ምን ያደርጋል» ይላል። ይህን ወገን አልንቀውም። ስንቅ ለሌላት ልጅ ምክር አይበላም። የክፍል ኪራይ፣ የመብራት፣ የሳሙና፣ የወር አበባ መጠበቂያ፣ የበሩ ቁልፍ ጭምር የዚሁ ጉዳይ አካል ናቸው። ቁልፍ የሌለው በር ላይ ቆሞ ስለ በራስ መተማመን የሚያስተምር ሰው ይፈር። በተጨማሪም አባቶቹን ጨካኞች ማድረግ ስህተት ነው። የጉናው ገበሬ ልጁን የዳረው ስለጠላት አይደለም። የትምህርት ቤት መንገድ ያሰጋዋል፤ ከተማ ውስጥ ያለ ጠባቂ መኖሯ ያስጨንቀዋል፤ ስሟ ከጠፋ ቆሞ ቀር ትሆናለች ብሎ ይፈራል። ትምህርቱም ቢሆን ምን አስገኘ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናውን ሲፈተኑ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ገበሬው ይህን በሬዲዮ ሰምቷል። ሒሳብ ያውቃል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የኛ ልጅ ከደጃችን ትማራለች ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ለገበሬው ግን ከሱ ቀዬ እስከዚያ ግቢ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም።

ዳሩ ግን ድሃ ቤት ውስጥም አንዷ ትማራለች፣ አንዷ ትዳራለች። ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከተማረችው ጀርባ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ታገኛላችሁ፤ ታላቅ ወንድም፣ የቀበሌ ጤና ሠራተኛ፣ አንዲት ግትር መምህርት። ድህነቱን የሚያጠፋ ሰው አይደለም። አባትየው ሲወስን ብቻውን እንዳይወስን የሚያደርግ ሰው ነው።

ሦስተኛውን ወገን፣ ማለትም እኛን፣ ከከተማ ልጅነት ተነሥተን አዲስ አበባ የገባነውን የደብረ ታቦር ሴቶች፣ ለመጨረሻ አስቀምጬ ነበር። እኛ ለቅሶ ስንደርስ ብቻ ነው አገራችንን የምናየው። እንሰባሰባለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን፣ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ እንገዛለን። እሰይ! አንዲት ልጅ በስም የምታውቅ ግን ስንት ናት? ከአሥሯ ልጆቿ የአንዷን የሒሳብ ውጤት የሚያውቅ ሰው የሌለው አንድ ቀበሌ ሲኖር የኛ መማር ምን ይባላል? ይህን ስጽፍ ጣቴ ወደራሴም ዞሮ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ እንደ ጥሩ ትዝታ አወራኋት እንጂ አልፈለግኳትም።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ደግሞ ጊዜው ስለከፋ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ሴቶች ላይ የደረሰውን ብዙዎች በየሪፖርቱ አንብበዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ቤት የተቀመጠች ልጅ ባለችበት አትቆይም፤ አንድም ትዳራለች፣ አንድም ዓረብ አገር የሚወስድ ደላላ ያገኛታል። በዚህን ጊዜ ባለ ዓርማው መኪና እንደ ልብ አይሄድም፤ ዎርክሾፑም ተሰርዟል። ታዲያ መንደር ውስጥ ማን ቀረ? የቀሩት የክርስትና እናቷ፣ የጎረቤት ሴት፣ ደመወዙ የዘገየበት መምህርና እርስ በርስ የሚቆጥቡት ልጆች ናቸው። ፕሮጀክቱ ሁሉ ቢያንስ እነዚህን ሰዎች አጠንክሮ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ልጅቱ ባዶ እጇን ባልቀረች ነበር።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ክፍሎቹ አሁንም አሉ፤ ጭቃው ታድሷል፣ መብራት ገብቷል፣ ሲኖር። ዘንድሮ መስከረም ላይ ከዚያው ከጉና በኩል አንድ ገበሬ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። «አደራ» አላት። እናቴ በስልክ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው። «አደራህን እቀበላለሁ፤ ግን ለጥምቀት ስንቅ ስትመጣልህ እኔም አብሬያት እመጣለሁ፤ ቤታችሁን ልይ፣ እናቷንም ልወቅ» አለችው። ገበሬው ደንገጥ ብሎ «መንገዱ ላንቺ ከባድ ነው፣ እማማ» ሲላት «በበቅሎ ትወስደኛለህ» ብላ መለሰችለት። ሳቀ። እሺ አለ። መንገዱ ሰላም ይሆናል ወይ የሚለው የሁላችንም ጭንቀት ነው፤ በቅሎዋ ግን ተይዛለች።

ከልጅቱ ጋር እሑድ እሑድ በእናቴ ስልክ እንነጋገራለን። መጀመሪያ አንድ ቃል አትመልስም ነበር፤ እናቴ ከኋላ «ተናገሪ እንጂ፣ አትበላሽም» ስትል ይሰማኛል። ባለፈው እሑድ ራሷ ጠየቀችኝ። ሂሳብ ከብዷታል። እኔም ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ እንደከበደኝና አሁንም እንደማልችል ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ታዲያ እንዴት አለፍሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። እስከሚቀጥለው እሑድ የሂሳብ መምህርት ፈልጌ ልደውልላት ቀጠሮ ይዘናል፤ ሁለት ሰዎች ጠይቄአለሁ፣ አንዷ እሺ ብላለች።